ክሮከሴን ሽኮኮ ጨረሰው፣ ልድገም ወይስ ልተወው?

አዲስ ተካይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቤቴ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታት ጠባብ መደብ አለችኝ። ኦክቶበር ላይ ክሮከስ የሚባለውን ትንሽ አበባ 50 ተከልኩ። ማርች ላይ ብቅ ያሉት 7 ብቻ! ጉድጓዶቹን ሳያቸው የሽኮኮ ሥራ ነው። ሌሎቹን ቆፍሬ ባይ ደግሞ በስብሰዋል። ከረጢቱ ላይ «ኮርም» ይላል፤ የሽንኩርት ዓይነት አይደለም እንዴ?

የአሌክሳንድሪያው (ቨርጂኒያ)፦ የኔ ልጅ፣ ድገሚ እንጂ! ሽንኩርት ስትቆርጪው ድርብርብ ነው፤ ኮርም ግን እንደ ጎደሬ ድፍን ነው። እኔ ጉራጌ አገር ስላደግሁ እንደ እንሰቱ ሥር «አሚቾ» እለዋለሁ፣ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። አበባው ካለፈ በኋላ አሮጌው ይሟሽሽና አዲሱ እላዩ ላይ ይሠራል። የሚሠራው ደግሞ በቅጠሉ ጉልበት ነው። ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ አትንኪው፣ ቢያስጠላሽም።

ያበሰበሰብሽ ውሃ ነው። የኛ ሰፈር ቀይ ሸክላ ውሃ ይዞ አይለቅም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ሰመሩን (በጋውን) ሙሉ ከጎመኔ ጋር እኩል ሳጠጣው ከረምኩ። ለካስ ያኔ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ደረቅ ነው የሚፈልገው። አንዱም አልተረፈልኝ። አሁን መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ኮምፖስትና ደቃቅ ጠጠር ቀላቅያለሁ። አገር ቤት አደይ ከፈነዳ በኋላ፣ እዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ትከይ። ጥልቀቱ 3 ወይም 4 ኢንች፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ። እላዩ ላይ የዶሮ ቤት የሚታጠርበትን ባለ ቀዳዳ ሽቦ አንጥፈሽ አፈር መልሺበት፤ ቅጠሉ በቀዳዳው ይወጣል።

ጎመን ወዳጅ፦ እኔ ሽኮኮውን በበርበሬ ሞከርኩት፣ ያውም እናቴ በላከችልኝ! በማግስቱ ዘነበ። በርበሬውም ሄደ፣ ክሮከሱም ተበላ። ሽቦው ይሻላል። «ቶማሲኒያነስ» የሚባለውን ፈዛዛ ሐምራዊ ዓይነት ብዙም አይወዱትም፤ የኔ ሦስት ዓመት ቆይቷል።

አዲስ ተካይ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የተረፉት 7ቱ ደመና ሲሆን አይከፈቱም፣ ታመው ነው? ደግሞ ዛፍራን የሚባለው ቅመም አይወጣቸውም?

የአሌክሳንድሪያው፦ ጤነኛ ናቸው፣ ፀሐይ ካላዩ አይከፈቱም። ማታም ይዘጋሉ። የዛፍራኑ ሌላ ዘር ነው፣ የሚያብበውም በፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። ያንቺን ሻይ ውስጥ እንዳትጨምሪ!

አዲስ ተካይ፦ እሺ ጋሼ። ሽቦው በስንት ኢንች ቀዳዳ ይሁን?

የአሌክሳንድሪያው፦ በ1 ኢንች። ጓንት አድርጊ፣ እጅ ይቧጭራል።