ሕሊና «አልታዘዝም» ሲል

የሳምንቱ ጥያቄ፦ ፍትሕ የጎደለው ሕግ ሲወጣ በአደባባይ «አልታዘዝም» ማለት ተገቢ ነው?

ጋሼ ከሹም አቦ፦ አይደለም። ሁሉም ደስ ያላለውን ሕግ ከጣሰ የሚጠቀመው ጉልበተኛው ነው። ደካማ ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮኸው ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ ከከፋ ፍርድ ቤት አለ፣ ምክር ቤት አለ።

እህት ከግሽ ዓባይ፦ ጋሼ፣ በሮቹ ሁሉ ሲዘጉስ? እዚሁ ጣና ዳር ያለችውን፣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባትን ቆራጣን ያስታውሱ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ ሆኑ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እምቢ አለች። ባሏ የንጉሡ ባለሟል ነበር፤ ትታው መነኮሰች። ንጉሡ ችሎት አቀረቧት፣ አልተመለሰችም። ዠበይ ወደሚባል ቦታ ተጋዘች፤ 3 ዓመት በግዞት ቆየች። ጦር አላነሳችም። እ.ኤ.አ. በ1632 አዋጁ ተሻረ። እሷን «ሕግ ጣሰች» ብሎ የሚወቅስ አለ?

ጋሼ ከሹም አቦ፦ እሷን ማን ይወቅሳል! ግን አዋጁ የተሻረው ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ በተደረገ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ አለ። ጦር ዘመተበት። መንግሥት በመጨረሻ ገዢውን አነሳ። የሞተው ግን ሞተ። እምቢታ ሲጀመር በእጃችን ነው፣ ከዚያ ማንም አያቆመውም። የምፈራው እሱን ነው።

ዓሣ አስጋሪው፦ እኔ አንድ ነገር ልለይ። ክረምት ላይ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። እዚያ አታጥምዱ ሲባል ሌሊት ተደብቆ መረብ የሚዘረጋ አለ። «ልጆቼን ላብላ» ይላል፤ ችግሩ ይገባኛል። የሕሊና እምቢታ ግን አይደለም። የሕሊና ሰው በቀን፣ በስሙ ነው እምቢ የሚለው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1930 የእንግሊዝን የጨው ሕግ ከመጣሱ በፊት ለሕንድ ገዢ ደብዳቤ ጽፎ አሳውቋል። ጣሰ፣ ታሰረ። ቅጣቱን የሚሸሽ ሰው ስለ ሕሊና ባያወራ ደስ ይለኛል።

ጋሼ ከሹም አቦ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን የመንግሥት ሠራተኛውን አስቡት። የድሃ ቤት በግፍ እንዲፈርስ ፈርም ሲሉት እምቢ አለ እንበል። ደመወዙ ተቋረጠ። ልጆቹን ማን ያበላል?

እህት ከግሽ ዓባይ፦ እኛ ነና! ካልሆነ «እምቢ በል» የምንለው በምን አፋችን ነው? ለሞተ ድንኳን የሚተክል ዕድር፣ ለሕሊናው ሲል ለተባረረ አባል የ3 ወር ቀለብ ቢያዋጣ ምን ይጎድልበታል?

ጋሼ ከሹም አቦ፦ ይህን ለዕድሬ ስብሰባ አቀርባለሁ። በሕጉ ጉዳይ ግን ገና አልተስማማንም፤ የወይና ደጋን ጉዳይ መልሺልኝ።