ልጃችን የክዌከር ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ አዲስ ርዕሰ መምህርም መጥታለች

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን በዚህ ሴፕቴምበር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የክዌከር (ፍሬንድስ የሚባሉት የክርስትና ወገን) ትምህርት ቤት ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ አዲስ ርዕሰ መምህር ተቀብሏል፤ ወላጆችን የምትተዋወቅበት ስብሰባም ተጠርቷል። ባለቤቴ «ሃይማኖቱን ያስቀይሩት ይሆን?» ብሎ ሰግቷል። እኔ ደግሞ ስብሰባው ላይ ምን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኛል። የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። የእኛም ልጆች እዚያው ዓይነት ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

የባለቤትሽ ስጋት ይገባኛል፤ እኛም ኦርቶዶክስ ነን። ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአብዛኛው ክዌከር ያልሆኑ ልጆችን ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን መምህሩም ተማሪውም አንድ ላይ ለጸሎት ተሰብስቦ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰባኪ የለም፣ ዝማሬ የለም። የሚናገረው ያለው ሰው ይነሳል፣ አጭር ነገር ይናገራል፣ ይቀመጣል። የእኛ ልጆች በዚያ ሰዓት አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙ ነበር።

ስለ ርዕሰ መምህሯ ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። እኛ አገር ርዕሰ መምህር ይፈራል። ወላጅ ቢሮው የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። ክዌከሮች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። በ1650ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ከመሥራቻቸው ከነጆርጅ ፎክስ ጀምሮ፣ በሰው ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ በጉባኤያቸው ድምፅ አይቆጥሩም። ተደማምጠው አንድ ሐሳብ ላይ እስኪደርሱ ይቆያሉ። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ቦርዶችም የሚወስኑት በዚሁ መንገድ ነው፤ ርዕሰ መምህሯን የሚቀጥረውም ቦርዱ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የአንድ ወላጅ ቃል ክብደት አለው። የእኛ ሰው ግን ይሉኝታ ይይዘውና ከኋላ ተቀምጦ ይወጣል። እባክሽ እንደዚያ አታድርጊ! አዲስ መሪ ትምህርት ቤቱን በምትማርበት ሰዓት ካልሰማችሽ መቼ ልትሰማሽ ነው?

ለክፍያው የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ይቀነስ እንደሆነ ጠይቂያት። ዋሽንግተን ያለው የክዌከር ትምህርት ቤት ሲድዌል ፍሬንድስ፣ በ1883 የተመሠረተው፣ የኦባማ ልጆች የተማሩበት፣ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሌሎቹ ቢቀንሱም ለታክሲ ሹፌርና ለነርስ ቤተሰብ ያለ ድጋፍ አይቻሉም። ድጋፉ ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይታያል፤ የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍሽ።

አንድ ነገር እንዳይገርምሽ። በብዙዎቹ የክዌከር ትምህርት ቤቶች ልጆች መምህራንን በስማቸው ብቻ ነው የሚጠሩት። እኛ እዚያ እንደነሱ ይጥሩ ብለን፣ ቤት ሲገቡ ግን ጋሼና እትዬ ማለታቸውን እንዳይተዉ አጥብቀን ይዘናል።

ሌላ መልስ፦
ወንድማችን ያሉት እውነት ነው። እኔ የምጨምረው፣ እንቁጣጣሽ ትምህርት በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ልጅሽ በዓሉን ለክፍል ጓደኞቹ እንዲያሳይ ከፈለግሽ ለመምህሩና ለርዕሰ መምህሯ ከአሁኑ ኢሜል ላኪ። የረቡዕና የዓርብ ጾም የሚጾም ከሆነም ምሳ ቤቱን ቀድመሽ አናግሪ። ስብሰባው ላይ ብቻዬን ይከብደኛል ካልሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቅርብ ከሆንን አብሬሽ እመጣለሁ።