የሐምሌ 30 ዝግጅት፦ የተራፊዎች ምስክርነት በሥዕልና በንባብ (ሐዋሳ)

ሰብሳቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ለባህል ቢሮ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ ዓርብ ማለቅ አለበት። ቀኑ ሐምሌ 30 ሆኗል፤ በ1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:15 ጃፓን፣ ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምቡ የተጣለበት ዕለት ነው። ለዋናው ሸራ ግዙፍ የእንጉዳይ ደመና ይሣል የሚል ረቂቅ ደርሶኛል። ምን ትላላችሁ?

ሥዕል ክፍል
ደመናው ይቅርብን። ሁላችንም የምናውቀው የሂሮሺማ ደመና ፎቶ ከአውሮፕላን የተነሳ ነው። ከሥሩ የነበረው ሰው ያየው ልጁን፣ ድልድዩን፣ ውኃ የሚለምን ጎረቤቱን ነው። በ1966 ዓ.ም. አንድ አዛውንት ያን ቀን ያዩትን በእጃቸው ሥለው ሂሮሺማ ወደሚገኘው የጃፓን ብሔራዊ ብሮድካስት (ኤንኤችኬ) ጣቢያ ይዘው ሄዱ። ጣቢያው ሌሎችም እንዲሥሉ ጥሪ ሲያቀርብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሥዕል መጣ። አብዛኞቹ የሥዕል ሰዎች አልነበሩም፤ ሥዕሉ አልበቃ ያላቸው ዳር ዳሩን ጽፈውበታል። እኔን የሚይዘኝ ያ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠዓሊ አንድ ምስክር ብቻ ይያዝ፤ ቃሉም በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ሸራው ላይ ይስፈር።

ቴአትር ክፍል
እስማማለሁ። ከእኛ መካከል በሜካፕ የተቃጠለ ገላ እናሳይ ያሉ አሉ፤ እኔ አልደግፍም። ተመልካቹ ቁስሉን አይቶ ፊቱን ያዞራል፣ ሰውየውን ግን አይሰማውም። አንባቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃሉን ብቻ ያንብብ።

አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ ምስክርነት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ቆመው ከአውሮፕላን ስለሚረጨው የመርዝ ዝናብ፣ በሰው፣ በከብትና በወንዝ ላይ ስለወረደው የተናገሩት ምስክርነት ነበር። ይህም ይግባ።

ሥዕል ክፍል
ይግባ ጋሼ፤ ግን መግቢያው ላይ ለብቻው ይቁም። ጋዝና አቶም ከተደባለቁ ሁለቱም ይደበዝዛሉ። ጨረር ዓመታት ቆይቶም ይገድላል፤ የሂሮሺማዋ ሳዳኮ ቦምቡ ሲወድቅ 2 ዓመቷ ነበር፣ በደም ካንሰር የሞተችው በ12 ዓመቷ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ዝግጅቱ ሐይቅ ዳር ይሁን የሚለው ቀርቶ የሲዳማ ባህል አዳራሽ ይሁን። በሐምሌ ዝናብ ሸራ ውጭ አይቆምም።

ጸሐፊ
ሁሉንም አስገብቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሰውን ቃል ያለ ፈቃድ ሸራ ላይ አናሰፍርም። በ2017 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ላገኘው የተራፊዎቹ ማኅበር፣ ለኒሆን ሂዳንክዮ፣ ደብዳቤ እንጻፍ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁሉ 80 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸውና ደብዳቤው ከሐሳቡ ቀድሞ ይውጣ። እንግሊዝኛውን ማን ያግዘኛል?