«በቀላድ ነው የሚጮኸው» ሲባል «በ» ምን ማለት ነው?

የሞጣው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ አነጋገር ገብቶኝም አልገባኝም፣ እርዱኝ። በበጋው በሞጣና በቢቸና መካከል ካለው የአያቴ ቀዬ ነበርኩ። ለይዞታ ደብተር መሬት የሚለኩ ልጆች መጡ። አያቴ ቤት አንድ ቡላ ውሻ አለ። ልጆቹ ደጅ ሲደርሱ ጅራቱን ቆላላቸው። ቡና ሲጠጡም እግራቸው ሥር ተኛ። ማሳው ላይ ወርደው ሜትሩን ሲዘረጉ ግን ያ ውሻ አበደ። የአንዱን ልጅ ሱሪ ነክሶ ጎተተ። ሰው ድንጋይ ሊያነሣ ሲል አያቴ እንዲህ አሉ፦ «ተዉት፣ ይህ ውሻ በቀላድ ነው የሚጮኸው። ከእናንተ ይልቅ እሱ መንግሥት ያውቃል።»

«በቀላድ» እዚህ ላይ ምን ማለት ነው? ውሻውን ማመስገናቸው ነው ወይስ ልጆቹን መንካታቸው?

ዳሞት፦
ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ እየተለካ «ጋሻ» በሚባል የመሬት ስፋት ልክ ተመዘገበ። የጎጃም ባለርስት ግን ቀላድ አይጣልብኝም ብሎ ኖረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ርስቴን ሊለኩብኝ ነው ብሎ ሰጋና የግብር ገማቾቹን አላስገባም አለ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። አያትህ ያን ጊዜ ልጅ ወይም ጎረምሳ ነበሩ። ስለዚህ ገመድ ሲያይ ይጮሃል ማለታቸው ነው። አለቀ።

ቀለም ቆጣሪ፦
አላለቀም ዳሞት። «ሲያይ» የምትለውን ከየት አመጣኸው? ሽማግሌው «በቀላድ» ነው ያሉት። «በ» ደግሞ አንድ አይደለም። «በደጅ ይጮሃል» ስንል ቦታ ነው። «በጅራፍ መታው» ስንል መሣሪያ ነው። «በርስት ተካሰሱ» ስንል የጠቡ ጉዳይ ነው። «በጣሊያን ተወለደ»፣ «በደርግ ተማረ» ስንል ዘመን ነው። እኔ የምሰማው ይህን የመጨረሻውን ነው። ውሻው ያለው በቀላድ ዘመን ነው። እኛ ዘመኑ ተለውጧል እንላለን፣ እሱ አልተለወጠም ብሎ ይጮሃል። «መንግሥት ያውቃል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ዳሞት፦
ጎጃም ላይ ቀላድ መቼ ተጣለና ነው ዘመን የሚሆነው? ጣሊያን መጥቶ ነበር፣ ደርግም ነበር። ያልመጣ ነገር ዘመን አይሆንም። እንደ «በርስት ተካሰሱ» ያለ «በ» ነው። ደግሞ ነገሩ በ1960 አላበቃም። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የሕዝብ ነው ተባለ። በ1989 በአማራ ክልል እንደገና ሲደለደል በቀድሞ መንግሥታት ሹም ነበር ተብሎ «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» የተባለው ሰው መሬቱ ተቆረጠበት። ገበሬው እንግዳ ሰው ማሳው ላይ ሲወርድ ሆዱ የሚባባው በዚህ ነው። ውሻው የባለቤቱን ሆድ ያውቃል።

የቢቸናዋ፦
ወንድሞቼ፣ ሽማግሌው «በቀልድ ነው የሚጮኸው» ብለው ይሆን እንዴ? ሰው ድንጋይ እንዳያነሣ ነገሩን ማብረዳቸው ነዋ። «ቀላድ» የሰማው ልጁ ይሆናል።

የሞጣው ልጅ፦
አይደለም እትዬ። ጥርት አድርገው ነው የተናገሩት። ሱሪ የያዘ ውሻ ደግሞ በቀልድ ነው አይባልም።

የቢቸናዋ፦
እሺ ይሁን። ግን ቀልድና ቀላድ ከአንድ ሥር ይመስሉኛል። የሰው መሬት በገመድ ለክቶ ለሌላ መስጠት በሰው መቀለድ ነው። አባቶቻችን ይህን ሳያዩ ስሙን አላወጡትም።

ቀለም ቆጣሪ፦
ሦስት ፊደል ስለገጠመ ዝምድና አይመጣም እትዬ። በዚህ ከሄድን ሰላጣና ሥልጣንም ወንድማማች ናቸው።

አባይ ማዶ፦
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በዓረብኛ «ቂላዳ» የአንገት ጌጥ ነው፣ የከብትና የውሻ አንገት ማሰሪያም ነው። ቀላድ ከዚያ ቢመጣ አይገርመኝም። ስለዚህ «በቀላድ ይጮሃል» ማለት ታስሮ ይጮሃል ማለት ነው። የታሰረ ውሻ ከተፈታው ይልቅ እንደሚጮህ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽማግሌው ውሻውን አላመሰገኑም። ገመድ አንገቱ ላይ ስላለ ነው የሚደፍረው ብለው ነው የናቁት።

ዋሸሬ፦
ልጆች፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። እኔ ከዋሸራ የቅኔ ጉባኤ የወጣሁ ነኝ። የጎንጁም የዋድላውም ሰው ካለ ይመስክርልኝ። ይህ የሽማግሌ ንግግር ሰምና ወርቅ ነው። አባይ ማዶ ያነሣኸው ማሰሪያ ሰሙ ነው፣ ዳሞት ያነሣኸው የመሬት ገመድ ወርቁ ነው። ኅብሩ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል፣ «ቀላድ» ነው። ሰሙ ላይ የታሰረው ውሻ ነው፣ ወርቁ ላይ ደግሞ በርስቱ የመጡበት ገበሬ። ለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የሚበቃ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። እናንተ «በ» ላይ ትሟገታላችሁ፣ ምሥጢሩ ግን ስሙ ላይ ነው።

ቀለም ቆጣሪ፦
መሪጌታ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ነው። ግን ኅብር እንዲሆን ቃሉ ሁለቱንም ትርጉም በአማርኛ መሸከም አለበት። በጎጃም ውሻ በቀላድ ታሰረ የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ? በጠፍር፣ በሰንሰለት፣ በገመድ ይባላል።

ዋሸሬ፦
እኔ ያልሰማሁት ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ቅኔ ያልተሰማውን ነው የሚያሰማው።

ደበሎ ለባሽ፦
መሪጌታ፣ ሰም ወርቅ ከማለታችን በፊት ስለ ውሻው የምለው አለኝ። እዚህ ሁሉም ውሻውን የሰው ምሳሌ አደረገው። እኔ ዲማ አካባቢ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። የውሻን ፖለቲካ የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ ነው።

ደበሎ የበግ ቆዳ ነው። ውሻው ሩቅ ሆኖ በግ ይሸተዋል፣ ሲቀርብ ደግሞ በሁለት እግር የሚሄድ በግ ያያል። ትከሻህ ላይ አኩፋዳ አለ፣ ውስጡ የትናንት ኮቸሮ ይሸታል። እጅህ ላይ ዱላ አለ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለህ ድምፅህን ስታነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰባል። በዚያው ደጅ ነጭ ነጠላ የለበሰ እንግዳ ሲገባ ግን ያ ውሻ ቀና እንኳ አይልም። እኔ ያኔ ውሻ ለሀብታም ያደላል ብዬ ነበር የማስበው። ቆይቶ ነው የገባኝ። ውሻው የሚያውቀው በዚያ ቤት ማን በክብር እንደሚገባ፣ ማን ከደጅ ቁራሽ ተሰጥቶት እንደሚሸኝ ነው። እኛ ሁልጊዜ ከደጅ ነበር የምንሸኘው። ተማሪ አስገብተው ምጣድ አጠገብ የሚያስቀምጡ እናት ቤት ግን ውሻው አይነካንም ነበር።

ስለዚህ ውሻ ስለ ሰው ማኅበር የራሱ አስተያየት አለው፣ ግን የሚማረው ከቤቱ ነው። ሽማግሌው «መንግሥት ያውቃል» ሲሉ ውሻው ቤታቸው ውስጥ የሚሰማውን ፍርሃት ማለታቸው ይመስለኛል። ሌላም አለ። ለኪ ያጎነብሳል፣ ሜትሩን ይዞ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። የገጠር ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ ድንጋይ ያነሣ ይመስለዋል። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኛም ሳናነሣ እናጎነብስ ነበር።

ዳሞት፦
ወንድሜ፣ ይህን ስላመጣህልን እግዜር ይስጥህ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚባለውም እዚህ ይገባል።

ቀለም ቆጣሪ፦
የት ይገባል? ያ ተረት እኮ ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ለሚያበላው ወገን የሚጮህ ሰው ነው የሚሰደብበት። ግን ተመልከቱ፣ «በበላበት» ቦታ ነው፣ የበላበት ደጅ። «ላበላው» አይልም። ውሻው ለጌታው ሳይሆን ለደጁ ነው የሚጮኸው። ሥልጣን ቢለዋወጥ፣ ጌታው ቢሞት፣ ውሻው ያንኑ ደጅ ይጠብቃል። እኔ ይህን ተረት ስድብ ነው ብሎ የሚያስተምር ሁሉ «በ» እና «ለ»ን ያምታታል እላለሁ።

አባይ ማዶ፦
ትርጉም በአጠቃቀም ነው እንጂ በፊደል አይደለም። ሰዉ ስድብ ካደረገው ስድብ ነው።

ዋሸሬ፦
ውሻ ስድብ የሆነው በአማርኛ ብቻ አይደለም። በስቅለት ምስባክ «ዐገቱኒ ከለባት ብዙኃን» እንላለን፣ ከበቡኝ ብዙ ውሾች። ግን ኢሳይያስን አንብቡ፣ ምዕራፍ 56 ቁጥር 10። እረኞችንና ጉበኞችን ሲወቅስ «ሁሉም ዲዳ የሆኑ ውሾች ናቸው፥ ይጮኹም ዘንድ አይችሉም» ይላል። ነቢዩ ዝም በማለታቸው ነው የወቀሳቸው። የሚጮህ ውሻማ ሥራውን ሠራ። ሽማግሌው ያመሰገኑት በዚህ ነው። ለልጁ ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ ይኸው፣ ምስጋና ነው።

የቢቸናዋ፦
መሪጌታ፣ ከለባት ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» የሚለውን ልጆቼ «ከልብ የፈሰሰ ደም» ነው ብለው ተከራከሩኝ። ልብ መስሏቸው።

ዋሸሬ፦
ከልብ በግእዝ ውሻ ነው። ደመ ከልብ ማለት የውሻ ደም፣ ጠያቂና ተበቃይ የሌለው ደም። ቅኔ ቤት «ከልብ» እየተባለ ስንቱ ተሞገሰ መስሎት ሲሰደብ ኖሯል!

አባይ ማዶ፦
ታዲያ ግእዙ ከልብ ከሆነ አማርኛው «ውሻ» ከየት መጣ? ውሻ፣ ውሸት፣ ውሽማ። ሦስቱም በድብቅ የሚመጣ ነገር ናቸው።

ደበሎ ለባሽ፦
ይህን አልቀበልም። ውሻ ሲጠላህ ይነግርሃል፣ ሲወድህም ይነግርሃል። ከሚዋሽ ነገር ጋር ስሙን አታገናኝብኝ።

ቀለም ቆጣሪ፦
«ውሻ»ን የሚመስል ስም ከሐድያና ከሲዳማ በኩል ካሉት ቋንቋዎች አለ። ከዚያ ይፈለግ። ውሸትን ተዉት። አሁን ወደ «በ» እንመለስ። ዘመን ነው ባልኩት ላይ እስካሁን የረታኝ የለም።

ዳሞት፦
ረትቼሃለሁ። ያልተጣለ ቀላድ ዘመን አይሆንም ብዬሃለሁ።

ቀለም ቆጣሪ፦
ያልመጣ ነገርም በፍርሃቱ ዘመን ይሆናል። 1960ን አንተው ነህ የነገርከን።

አባይ ማዶ፦
የሞጣው ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ውሻው ያን ቀን ታስሮ ነበር ወይስ ተፈትቶ?

የሞጣው ልጅ፦
ታስሮ አያውቅም። ማሳው ድረስ ተከትሏቸው ነው የወረደው። አያቴንም ትናንት በስልክ ጠይቄያቸው ነበር። «በቀላድ ያሉት ምን ማለትዎ ነው?» ስላቸው «ውሻውስ ደህና ነው፣ ደብተሩ ነው እስካሁን ያልመጣው» አሉኝ።

ዋሸሬ፦
ይኸውላችሁ፣ መልሱን ነገሯችሁ።

ቀለም ቆጣሪ፦
የትኛውን መልስ፣ መሪጌታ? ስለ «በ» ምንም አላሉም። ልጄ፣ እንደገና ደውልና እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ፦ «በቀላድ ጊዜ» ማለትዎ ነው ወይስ «በቀላድ ነገር»? ሁለቱን ለይተህ።