«ኔቭ» አሽከር ነው፣ ብላቴና ነው ወይስ ወሮበላ?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ለተማሪዎች መድረክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አራተኛው ገቢር ላይ አንድ ቃል አላሳልፍ አለኝ። ሌሊት ነው፤ ሉሲየስ የሚባለው ልጅ አገልጋይ ለጌታው ለብሩቱስ ሙዚቃ እየተጫወተ እንቅልፍ ይጥለዋል። ብሩቱስም «ጄንትል ኔቭ» ብሎ ደህና እደር ይለዋል፤ ከዚያ እንዳይሰበር ብሎ የሙዚቃ መሣሪያውን ከእጁ ይወስድለታል። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ «ኔቭ» አታላይ፣ ወሮበላ ነው ይለኛል። ወሮበላን እንዲህ ማን ያባብላል? ምን ልበለው?

ፊደል ወዳድ፦
ስድቡ በኋላ የመጣ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «ክናፋ» ልጅ ማለት ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም ወንድ ልጅን «ክናበ» ይሉታል። ከልጅ ወደ ተላላኪ፣ ከተላላኪ ወደ አጭበርባሪ እያለ ወረደ። «ናይት» የሚሉት ባለ ማዕረግ ፈረሰኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ እሱም መነሻው ልጅ፣ አገልጋይ ነበር፤ ፈረስ ላይ ወጥቶ ባለ ማዕረግ ሆነ። በካርታ ጨዋታ ላይ ጃክ የምንለውንም እንግሊዞች ድሮ ኔቭ ይሉት ነበር። በሼክስፒር ዘመን ሁለቱም ትርጉም በሕይወት ስለነበረ ብሩቱስ ያለው «ልጄ» ነው።

ቅኔ ዘራፊ፦
እህቴ ጥሩ ብለሻል፣ ግን ጀርመን ድረስ ምን አስኬደሽ? ግእዙ «ቍልዔ» አለው፤ ልጅም አገልጋይም ነው። የግሪኩ «ፓይስ»ም እንደዚያው። ማቴዎስ 8፥6ን ክፈቱ፦ መቶ አለቃው «ብላቴናዬ ሽባ ሆኖ» እያለ ይለምናል። ሉቃስ 7፥2 ላይ ያው ታማሚ «ባሪያ» ተብሏል። አባቶች ቃሉን መዝነው ነው ያስቀመጡት። ብላቴና በለውና እረፍ።

የሸዋ ልጅ፦
ብላቴናማ ከፍ አለብን! «ብላቴን ጌታ» የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። እኔ «አሽከሬ» እላለሁ። አያቴ ወንድ የልጅ ልጆቿን ሁሉ «ና አሽከሬ» እያለች ነበር የምትጠራው፣ እጇን ራሳችን ላይ አድርጋ። ስድብ መስሎን አያውቅም።

ተርጓሚው፦
አሽከርን ፈርቼው ነው። ዛሬ «የእገሌ አሽከር» ከተባለ የፖለቲካ ስድብ ነው። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ትዕይንቱ ደግሞ ሳቅ አይችልም፣ ትንሽ ቆይቶ የቄሳር መንፈስ ይመጣል።

የሸዋ ልጅ፦
ስድብ ያደረግነው እኛ ነን እንጂ ቃሉ ምን በደለ? ፎካሪው «ዘራፍ! የእገሌ አሽከር!» ሲል እኮ በጌታው እየኮራ ነው። ከዐረብኛው «ዐስከር»፣ ከወታደር የመጣ ቃል ነው።

ፊደል ወዳድ፦
ይሄ ደስ ይላል! ጣሊያኖችም ያንኑ ካርታ «ፋንቴ» ይሉታል፤ ፋንቴ እግረኛ ወታደርም ነው፣ ሥሩ ግን ሕፃን ነው። ልጅ፣ አገልጋይ፣ ወታደር በየአገሩ አንድ ላይ ይዞራሉ።

አዲስ ገብ፦
ይቅርታ፣ ብላቴና ራሱ «በላ» ከሚለው አይመጣም? በጌታው ቤት የሚበላ፣ እንጀራው ከዚያ የሆነ ማለት ይመስለኛል።

ቅኔ ዘራፊ፦
ወንድሜ፣ ግሥ ሳይወርዱ ሥር አይቆፈርም። የግእዙ «በልዐ» መጨረሻ ላይ ያለው «ዐ» በአማርኛ ይጠፋል፣ እሺ፤ «ቴና» የሚለው ጭራ ግን ከየት መጣ? እሱን ሳትፈታ ሥሩን አገኘሁ አትበል።

አዲስ ገብ፦
ጭራው ባይፈታም ሐሳቡ አይወድቅም። ሎሌም ቢሆን እኮ የሚታወቀው በሚበላበት ቤት ነው።

የሸዋ ልጅ፦
ሎሌን ለብቻው እናየዋለን፣ እሱ ሌላ ነገር አለው።

ተርጓሚው፦
ኧረ ወገኖቼ፣ ልምምዱ ቅዳሜ ነው። ትናንት ማታ ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። «ደህና እደር አሽከሬ» ስል ድምፄ ጠንከር ይላል፤ «ደህና እደር ብላቴናዬ» ስል መጽሐፍ የማነብ ይመስለኛል። ብሩቱስ ግን የተኛ ልጅ ላይ አጎንብሶ ነው የሚናገረው። «ጄንትል» የሚለውንም ገና አልነካሁትም። የዋህ ነው? ጨዋ ነው?

ቅኔ ዘራፊ፦
የዋህ ካልክ ቆይ፣ የዋህ በግእዝ ሌላ ነው...