የተደራሽነት መሣሪያ በጋራ ይሠራ ወይስ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ይሥራ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። መንግሥታት ድረ ገጾቻቸውን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ለማድረግ የሚጠቅሟቸውን ነገሮች፣ ማለትም የተፈተሹ የፎርም ክፍሎችን፣ የመመርመሪያ መሣሪያዎችን፣ የሥልጠና ጽሑፎችንና የጨረታ መስፈርቶችን በጋራ ሠርተው በነፃ ሊጋሩ ይገባል? ወይስ እያንዳንዱ በራሱ ሕግ፣ ቋንቋና በጀት ይሥራ? ስድብ አይፈቀድም፤ ቁጣ ይፈቀዳል።

ኮድ ጸሐፊዋ፦ ይጋሩ። ምክንያቴ አንዲት ትንሽ ሣጥን ናት። ፎርም ላይ ቁጥር የሚጻፍባትን ሣጥን ታውቋታላችሁ። ለዚህ ሥራ ተብሎ በድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ የተዘጋጀ የቁጥር ሣጥን አለ፤ ማንም ጀማሪ የሚያነሳው እሱን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የንድፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ሣጥን ትቶ ወደ ተራ የጽሑፍ ሣጥን ዞረ። ሰው ገጹን ለመውረድ የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክር የጻፈው ቁጥር ሳያውቀው ይቀየርበታል። በድምፅ ኮምፒውተር የሚያዝዙና በስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር፣ የሚያነቡ ሰዎችም የየራሳቸው ችግር ገጥሟቸዋል። ቡድኑ ይህን ሁሉ ምክንያት ጽፎ አደባባይ አወጣው፤ ኮዱንም ማንም እንዲወስደው ፈቀደ። እኛ በራሳችን ብንሞክር ወራት ይፈጅብን ነበር። ለማንበብ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በየአገሩ ይህን እንደ አዲስ ማግኘት ውሃ ወቀጣ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እህቴ፣ ምሳሌሽ ጥሩ ነው፤ ግን ገልብጠሽ እዪው። ያ ቡድን ስህተቱን ባያገኝ ኖሮስ? ከእሱ የወሰደ ሁሉ በአንድ ቀን አብሮ ይሳሳት ነበር። እንግዲህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ከመምጣቱ በፊት ድሩ ሲበጠስ ማን እንደሚጠግነው ይነገረኝ። የጋራ ነገር የሚደምቀው በተመረቀበት ቀን ነው። በሦስተኛው ዓመት የሠሩት ሰዎች ሌላ ቦታ ተቀጥረዋል፤ ለጥያቄም መልስ የሚሰጥ የለም።

ከግዢ ክፍል፦ እኔ ኮድ አልጽፍም፤ ጨረታ ነው የማወጣው። የጋራ መስፈርት ሳይኖር በጨረታ ሰነዳችን ላይ «ሥርዓቱ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ይሁን» ብለን እንጽፍ ነበር። በዚህ ዓረፍተ ነገር የወደቀ አቅራቢ አይቼ አላውቅም! አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2014 ለመንግሥት ግዢ ብለው አንድ ወጥ ደረጃ አወጡ፤ ስለ ድረ ገጽ የሚለውም ዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተከትሎ ነው። አሁን እኛም በቁጥር የተለየውን አንቀጽ ጠቅሰን እንጠይቃለን።

አንድ አቅራቢ በመፈተሻ ሶፍትዌር የተሰጠውን 100 ከ100 ውጤት አትሞ ይዞልኝ መጣ። ማውሱን ከኮምፒውተሩ ነቀልኩና «እስኪ በኪቦርድ ብቻ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይድረሱ» አልኩት። ወደሚቀጥለው ቦታ የሚያሻግረውን የታብ ቁልፍ ይጫን ጀመር፤ ታብ፣ ታብ፣ ታብ። አራተኛው ላይ የት እንዳለ የሚያሳየው ምልክት ጠፋ። ትንሽ ቆየና «ማውሱን ቢመልሱልኝ» አለኝ። ውሉን አልፈረምንም። የጋራው መስፈርት በእጄ ባይኖር ግን በምን አፌ እመልሰዋለሁ?

ተርጓሚ፦ ስለ ቋንቋ ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳ። ከሌላ አገር የመጣ ፎርም ወደ ቋንቋችን እንድመልስ ተሰጠኝ። በዓይን የሚታየውን ሁሉ ተረጎምኩ። ሥራው ከወጣ በኋላ አንዲት ዓይነ ስውር ተጠቃሚ «መስኮቱን የሚዘጋው ቁልፍ ምን እንደሚል አይገባኝም» ብላ ጻፈችልን። ለካ ቁልፉ ላይ በዓይን የሚታየው የኤክስ ምልክት ብቻ ነው። ስሙ ለስክሪን ሪደር ብቻ የሚሰማ ጽሑፍ ሆኖ ኮዱ ውስጥ ተደብቆ፣ በእንግሊዝኛ ቀርቷል። ለእኔ ማንም አላሳየኝም። በእኛ ቋንቋ ድምፅ እንዲያነብ የተዘጋጀው ሶፍትዌርም ያንን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ጉድ ያበላሸዋል። ዓረብኛ የሚጽፉ ባልደረቦቼማ ፎርሙ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ወደፊት የሚለው ቀስት ወደ ኋላ እያመለከተ አስቸግሯቸዋል። (በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ ያደረገው ፎርም በትውልድ አገሩ «ተፈትሿል» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ተፈትሿል፤ በአንድ ቋንቋ።)

ኮድ ጸሐፊዋ፦ ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው። የተደበቀው ጽሑፍ ከሚታየው ጋር በአንድ የትርጉም ፋይል መግባት ነበረበት። ግን እርማቱን ወደ ምንጩ ብንልከው ከእኛ በኋላ የሚወስደው ሁሉ ይድናል።

ተጠራጣሪው፦ «ብንልከው»። ላክን?

ኮድ ጸሐፊዋ፦ አልላክንም።

ጠበቃው፦ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሕግም እሠራለሁ። በሁለቱም በኩል ልናገር።

ሕጉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን ያዝዛል፤ በአንቀጽ 32 ደግሞ በዓለም አቀፍ ትብብር ተደራሽ ቴክኖሎጂዎችን መጋራትን ይጠቅሳል። ስለዚህ መጋራት ከፈራሚዎቹ የሚጠበቅ ነገር እንጂ ችሮታ አይደለም። ምሳሌም አለን። የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪመጣ ድረስ አንድ አገር በብሬል ወይም በድምፅ ያዘጋጀውን መጽሐፍ ያንኑ ቋንቋ ለሚናገር ሌላ አገር ለመላክ የቅጂ መብት ሕግ እንቅፋት ይሆን ነበር። አንዱ መጽሐፍ እንደገና ከሀ ተጀምሮ ይዘጋጃል። ስምምነቱ ድንበሩን ከፈተ። ለመጽሐፍ የተቻለ ለፎርም የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ኮድ መጋራት ግን ለእኔ ግማሽ መንገድ ነው። አንድ የመንግሥት ማመልከቻ ስሞላ 40 ደቂቃ ገደማ ቆየሁና ላክ የሚለውን ቁልፍ ስጫን ሁሉም ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። «ጊዜዎ ሊያልቅ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር አሉኝ። በዓይን ብቻ ነው የወጣው፤ ስክሪን ሪደሬ ምንም አልተነፈሰም። ዓለም አቀፉ መመሪያ ሰዓት የሚቆጥር ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ካስጠነቀቀ ለተጠቃሚው ቢያንስ 20 ሴኮንድ ሰጥቶ በቀላል ድርጊት ጊዜውን እንዲያራዝም ይላል። በገጹ ግርጌ ደግሞ የተፈተሹ የጋራ ክፍሎችን እንደተጠቀሙ የሚገልጽ መግለጫ አለ። ጡቡ ሁሉ ደህና ነው፤ ቤቱ ግን በር የለውም።

እኔ እንዲጋራ የምፈልገው ይህ ታሪክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አባል አገራቱ የመንግሥት ድረ ገጾችን እየመረመሩ በየሦስት ዓመቱ ሪፖርት እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሏል። ደግ ነው። ሆኖም ስንት ገጽ እንደወደቀ የሚናገር ቁጥር እኔን ያቆመኝ ምን እንደነበረና እንዴት እንደተስተካከለ አይነግረኝም። የወደቁበትን ይጻፉ፤ ማን እንደሞከረው፣ በየትኛው ስክሪን ሪደር፣ በየትኛው ቋንቋ።

ተጠራጣሪው፦ እዚህ ላይ ከጠበቃችን ጋር ነኝ፤ አቋሜን ግን በሙሉ አልለቅም። ዝም ብሎ መውሰድ መጋራት አይባልም። የሚወስድ መንግሥት በገንዘብ ባያዋጣ እንኳን በራሱ ቋንቋ አካል ጉዳተኛ ፈታሾችን ደመወዝ ከፍሎ ያስፈትን፤ ያገኘውንም ይመልስ። ያንን የማያደርግ የራሱን ይሥራና ስህተቱን ብቻውን ይሸከም።

ከግዢ ክፍል፦ ኦዲተር መጥቶ «የሕዝብ ገንዘብ ለሌላ አገር ለምን ዋለ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለእርማቱ ግን ለራሳችን ስንል ከፍለናል፤ መላኩ ምንም አያስወጣንም። በሚቀጥለው ውል ላይ ተቋራጩ በክፍት ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው በተፈቀደ ኮድ፣ ላይ ያደረገውን እርማት ወደ ምንጩ ሳይመልስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም የሚል አንቀጽ አስገባለሁ። አለቃዬ ይስማማ እንደሆነ ገና አልጠየቅሁትም።

ተርጓሚ፦ የተደበቁት ጽሑፎችም ለተርጓሚ ይሰጡ የሚል ቢጨመርበት።

ከግዢ ክፍል፦ ይጨመራል።

ኮድ ጸሐፊዋ፦ ያንን የቁልፍ ስም እርማት አሁን ላክሁት። ተጠራጣሪው፣ ደስ ይበልህ።

ጠበቃው፦ ያ ማመልከቻ እንዳለ ነው። ዛሬ ጠዋት በድጋሚ ሞከርኩት፤ አሁንም ሳያስጠነቅቅ ዘጋብኝ።