ጥቆማ፦ ለጅማ የጋራ ጓሮ ከቡና ገለባ የሚሻል አላየሁም

የጅማ ቀይ አፈር ጥር ላይ ይሰነጣጠቃል፤ ብታጠጡትም ውሃው ላዩን ሸሽቶ ያልፋል። ለሰፈር ጓሮ አፈር ማዳበሪያ ምን እንግዛ ለምትሉ፣ መጀመሪያ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ወደሚፈለፍሉ ወፍጮዎች ሂዱ። ገለባውን አንዳንዱ በነጻ ያስጭናል፣ ለማገዶ የሚሸጠው ግን ያስከፍላል፤ ጋሪ ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። ፖታሲየሙ ብዙ ነው፣ ሲበሰብስም አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል።

ጥሬውን ግን እንዳትቀብሩት! ካፌይኑና ታኒኑ ችግኝ ያቀጭጫል፤ እየበሰበሰ ሳለም የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ጎመናችሁ ቢጫ ይሆናል። አንድ ንብብር ገለባ፣ አንድ ንብብር እርጥብ እበት፣ ከላዩ ለምለም ቅጠል እያደረጋችሁ ከምሩት። ረጅም እንጨት መሐሉ ሰክታችሁ ተዉት። ስትነቅሉት ትኩስና እርጥብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቅዞ ከሸተተ አገላብጡት። ዝናቡ ምግቡን አጥቦ እንዳይወስደው በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት፣ ጅማ ላይ ይሄ ግዴታ ነው።

በጎማ፣ በማና ወይም በሊሙ ወረዳዎች በኩል ለሆናችሁ የእሸት ቡና ልጣጭ ከገለባው ቶሎ ይበሰብሳል። ውሃ ስላዘለ ይከብዳል፣ ይሸታልም፤ ከተማ ድረስ ማስጫኑ አያዋጣም። ቅርብ ከሆናችሁ ግን ውሰዱት፤ ወንዝ ከገባ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ይገድላል።

የጫት ገረባ በየሰፈሩ ሞልቷል። እንጨቱን ለዩ፣ ቅጠሉን ከክምሩ ጋር አብስብሱ። መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ስለሚችል እኔ በጥሬው ሰላጣ ሥር አልጎዘጉዝም። ሰጋቱራ ለመተላለፊያው ብቻ ይሁን። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው፤ ሳይብላላ ሥር ያቃጥላል።

የትል ኮምፖስት ጥራቱ አንደኛ ነው፣ ግን ለሙሉ መደብ ኪስ ይጎዳል፤ ለችግኝ ማፍያ ብቻ ግዙ። ትሉን ራሳችሁ ማርባት ከፈለጋችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅን ወይም የመልኮውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ምክር ጠይቁ።

አፈራችን አሲዳማ ስለሆነ የተነፋ የእንጨት አመድ በትንሹ ይረዳል። ከትኩስ እበት ጋር ግን አትቀላቅሉት፣ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል፤ መደቡ ላይ ለብቻው በትኑት።

ገለባው ከታኅሣሥ ጀምሮ ስለሚበዛ ያኔውኑ ከምሩ። ጥሩ እበት ካገኘና ካልደረቀ ለግንቦት ተከላ ይደርሳል።